የሲኒማ ጥያቄና መልስ፦ ጨለማ ብቻውን ኖዋር አይሆንም

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ኒዮ ኖዋር ፊልሞችና ዳይሬክተሮቻቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የየትኛውንም ፊልም መጨረሻ አንናገርም።

«ጓደኛዬ ማታ ማታ የሚካሄድ፣ ዝናብ የሚዘንብበትና ሰው የሚገደልበት ፊልም ሁሉ ኒዮ ኖዋር ነው ይላል። እውነት ነው? በየትኛውስ ልጀምር?» አንባቢ፣ ከአዳማ

ዝናቡና ጨለማው ልብሱ ነው። ዋናው ነገር ማን ምን ያውቃል የሚለው ነው። በኖዋር ባለታሪኩ እውነቱን አያውቅም፣ ወይም አወቅሁ ብሎ ይሳሳታል፣ በትክክል ሲያውቅ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ኖዋር (በፈረንሳይኛ «ጥቁር») የፈረንሳይ ሐያሲያን በ1946 ስሙን ያወጡለት የአሜሪካ የወንጀል ፊልም ሲሆን፣ የቀድሞው ዘመን ከ1941 እስከ 1958 ድረስ ይቆጠራል። በዚያን ጊዜ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዲያልቅ አይፈቅድም ነበር። ደንቡ በ1968 ቀርቶ በዕድሜ ደረጃ ምደባ ሲተካ፣ ጥፋተኛው ኪሱን ሞልቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ፊልም መሥራት ተቻለ። በእኛ እምነት «ኒዮ» (አዲስ) የሚለው ቅጥያ ትርጉም የሚኖረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሮማን ፖላንስኪን «ቻይናታውን» (1974፣ 131 ደቂቃ) ያስቀድሙ። ለጓደኛዎም መልስ ይሆናል፤ አብዛኛው ታሪክ በ1937ቱ ሎስ አንጀለስ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚፈጸመው። ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተው የግል መርማሪ ጊቲስ የሌለበት ትዕይንት የለም ማለት ይቻላል። እሱ ያላየውን እኛም አናይም። ብርቱካን እርሻው ውስጥ ተደብድቦ ራሱን ሲስት ስክሪኑም ይጠቁራል፤ ለእኛ የሚነጋልን እሱ ዓይኑን ሲገልጥ ነው። የሚመረምረው ጉዳይ የውሃ ጉዳይ ነው፣ መነሻውም እውነተኛ ታሪክ ነው። ሎስ አንጀለስ ከኦዌንስ ሸለቆ ውሃ የሳበችበት ቦይ በ1913 ሲጠናቀቅ፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት ደረቁን መሬት በርካሽ ገዝተው የነበሩ ሰዎች ከበሩበት። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ሮበርት ታውን ያንን ወደ 1930ዎቹ አምጥቶ ጻፈው። የታውን መጨረሻ ሌላ ነበር፤ አሁን የምናየው የፖላንስኪ ነው፣ በዚህም ሁለቱ ክፉኛ ተከራክረዋል። የፖላንስኪው ይሻላል።

ፖላንስኪ በ1977 በ13 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ በ1978 ከአሜሪካ ሸሽቷል። በዚህ ምክንያት ሥራዎቹን የማያዩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ ከሆኑ በቦታው የአርተር ፔንን «ናይት ሙቭስ» (1975) ይያዙ። ጂን ሃክማን የሚጫወተው መርማሪም እንደ ጊቲስ ነገሩ እፊቱ እያለ የማያየው ሰው ነው።

ቀጥሎ «ብለድ ሲምፕል»፣ ከዚያ «ዞዲያክ»። ስለ ሁለቱ ከታች አለ።

«መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሦስት ቡድን ሆነናል። አንዱ ዴቪድ ፊንቸር፣ አንዱ ማይክል ማን፣ ሌላው ኮኤን ወንድማማቾች ይበልጣሉ ባይ ነው። ፍረዱን።» ከካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ

መለኪያው ከላይ ያነሣነው ይሁን፦ ተመልካቹ ከባለታሪኩ ይበልጥ ያውቃል፣ እኩል ያውቃል ወይስ ያንስ ያውቃል? ሦስቱ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ኮኤኖች ሁሉንም ለተመልካቹ ያሳዩታል። «ብለድ ሲምፕል» (1984) የመጀመሪያ ፊልማቸው ነው። ቴክሳስ ውስጥ የመጠጥ ቤት ባለቤት የሆነ ባል፣ ሚስቱንና ውሽማዋን የሚገድልለት የግል መርማሪ ይቀጥራል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ካየው ቅንጣቢ ተነሥቶ የራሱን ሙሉ ታሪክ ይፈጥራል፣ በፈጠረውም ታሪክ ይመራል። ላይተሩን ይከታተሉ። መርማሪው በባልየው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ይወጣል፤ ከሞቱት ዓሦች ሥር ተጋርዶ ይቀራል። እኛ አይተነዋል። ክፍሉ ውስጥ የሚገባ የሚወጣው ሰው ግን ዓሣ ብቻ ነው የሚያየው። ፊልሙ እንደዚህ ባሉ ተራ ዕቃዎች ነው ልብ የሚሰቅለው፤ አንድም ገጸ ባሕርይ እስከ መጨረሻው ምን እንደ ተፈጸመ በትክክል አይረዳም። የኮኤኖች ድካም፣ በሰዎቻቸው ሞኝነት መሳቅ መውደዳቸው ነው። በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው ሳቁ አንዳንዴ ሐዘኑን ይበላዋል።

ፊንቸር ተቃራኒው ነው። ስሙ የገነነው በ«ሰቨን» (1995) ነው፤ ክርክሩ ግን መነሣት ያለበት በ«ዞዲያክ» (2007፣ 157 ደቂቃ) ላይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮና አካባቢዋን ያስጨነቀው ገዳይ እስከ ዛሬ ለፍርድ አልቀረበም፤ ፊልሙም ከመርማሪዎቹ አንድ እርምጃ አይቀድምም። በታኅሣሥ 1968 የተፈጸመው ግድያ በፊልሙ አይታይም፤ ሁለቱም ተጠቂዎች ሞተዋልና ያየውን ሊነግረን የሚችል ሰው የለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከጥቃቱ የተረፈ ሰው ካለበት ከሐምሌ 4 ቀን 1969 ነው። ገዳዩንም በየትዕይንቱ የተለያዩ ተዋንያን ናቸው የሚጫወቱት። ከተመልካቾች ብዙዎቹ ይህን ሳያስተውሉ «ግን እኮ ቁመቱ…» እያሉ ይከራከራሉ፤ የተፈለገውም እሱ ነው፣ የምስክሮቹም ቃል አይገጥምም ነበር። የሚሰለቹ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ሁለተኛው ግማሽ ዶሴ ማገላበጥ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከዚህ ፊልም ጋር አይስማማም።

ማይክል ማን ለምስጢር ግድ የለውም። በ«ሂት» (1995፣ 170 ደቂቃ) ሌባውንም ፖሊሱንም እኩል እናውቃቸዋለን፤ አል ፓቺኖና ሮበርት ዴ ኒሮ ቡና ይዘው ሲቀመጡ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉ። ማወቃቸው ግን አንዱንም አያድነውም። ማን የሚያከብረው ሙያን ነው። በ«ቲፍ» (1981) ካዝናው የሚቆረጠው በእውነተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩትም በሙያው ያለፉበት ሰዎች ናቸው። የ«ሂት» የመንገድ ላይ ተኩስ ድምፅ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ የተቀዳው ነው፤ ጥይቱ በሕንፃዎቹ መካከል ሲያስተጋባ የሚሰማው ለዚህ ነው። በ«ኮላተራል» (2004) አብዛኛውን የውጭ ትዕይንት በዲጂታል ካሜራ ቀረጸ፤ የጊዜው የፊልም ጥቅል የማይዘውን፣ የከተማው መብራት ደመና ላይ የሚጥለውን ብርሃን ማሳየት ስለ ፈለገ ነው። ሌሊትን እንደ እሱ ያሳየ የለም። ሴቶቹ ግን በአብዛኛው በር ላይ ቆመው ባላቸውን ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ አልተሰጣቸውም።

ፍርዱ፦ በአንድ ፊልም ከሆነ «ዞዲያክ»፣ ስለዚህ የፊንቸር ቡድን አሸንፏል። በአጠቃላይ ሥራ ከሆነ ኮኤኖች። የማን ቡድን በምስልና በድምፅ ይጽናና።

«‹ሜሜንቶ›ን ሁለት ጊዜ አይቼ አልገባኝም። ችግሩ የእኔ ነው?» ከጎንደር

አይደለም። የክርስቶፈር ኖላን ፊልም (2000፣ 113 ደቂቃ) ሁለት መስመር አለው። ባለ ቀለሙ ትዕይንት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጥቁርና ነጩ ወደ ፊት፤ እየተፈራረቁ መጥተው መጨረሻ አካባቢ ይገናኛሉ። መገናኛቸው አንድ የፖላሮይድ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ሲወጣ ምስሉ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ይቀየራል። ያንን ቅጽበት ካላስተዋሉ ሁሉም ይደበላለቃል።

አከታተሉ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ባለ ቀለም ክፍል የሚያልቀው፣ ከእሱ በፊት ያዩት ባለ ቀለም ክፍል በጀመረበት ቅጽበት ላይ ነው፤ ጥቂት ሰከንዶች ተደግመው ይታያሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ክፍል መጀመሪያ ይያዙ፤ መጨረሻው ራሱ ይመጣል። በአንድ የዲቪዲ እትም ላይ ታሪኩ በቅደም ተከተል የተደረደረበት ስሪት ተደብቆ ይገኛል። በእሱ እንዳይጀምሩ። ባለታሪኩ አዲስ ነገር በአእምሮው አይቀመጥለትም፤ ወደ ኋላ መሄዱ እኛንም ከደቂቃ በፊት የሆነውን እንዳናውቅ ያደርገናል። ሲደረደር ይህ ሁሉ ይጠፋና ተራ የበቀል ፊልም ይሆናል።

«‹ብሌድ ራነር› ብዙ ዓይነት ሆኖብኛል። የቱን ልይ?» ከመቀሌ

የ2007ቱን «ፋይናል ከት»። ሪድሊ ስኮት ሙሉ ሥልጣን ኖሮት የጨረሰው እሱን ብቻ ነው። የ1982ቱ የሲኒማ ቤት ስሪት የሃሪሰን ፎርድ ተራኪ ድምፅ ተጨምሮበታል፤ የሙከራ ተመልካቾች ግራ ስለ ተጋቡ ነው። መጨረሻ ላይም የደስታ ጉዞ ተቀጥሎለታል፣ ለእሱም የዋለው ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» አስቀርጾ የተረፈው የአየር ላይ ምስል ነው። የ1992ቱ ሁለቱንም አውጥቷል፤ እሱን ካገኙም አይከስሩም።

«የምኖረው ዱባይ ነው። ስለ ሎስ አንጀለስ ብቻ ሰለቸኝ፤ ወደ እኛ አካባቢ የሚቀርብ የለም?»

አለ። የዳይሬክተር ታሪክ ሳሌህ «ዘ ናይል ሂልተን ኢንሲደንት» (2017)። ቦታው ካይሮ፣ ጊዜው ጥር 2011፣ ሙባረክ ሊወድቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ፋሬስ ፋሬስ የሚጫወተው ፖሊስ ራሱ ጉቦ በላተኛ ነው። አንዲት ዘፋኝ ሆቴል ውስጥ ትገደላለች፤ ያየችው ደግሞ አንሶላ የምትቀይር ሱዳናዊት ሠራተኛ ናት። እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ከብዙዎቹ የሚለየው። በሌሎች ኖዋሮች ምስክር ሸሽቶ የሚገባበት ፖሊስ ጣቢያ፣ ጋዜጣ ወይም ጠበቃ አለው። እሷ ግን የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፤ ያየችውን መናገር ለእሷ መባረር ነው፣ ዝም ማለትም ሞት ሊሆን ይችላል። በአረብ አገር ሰው ቤትና ሆቴል ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የግብፅ ባለሥልጣናት ቀረጻውን ስላስቆሙት የተሠራው ካዛብላንካ ነው። በሰንዳንስ ፌስቲቫል የዓለም ሲኒማ ድራማ ዘርፍ ታላቁን የዳኞች ሽልማት አግኝቷል።

ሎስ አንጀለስን ሳይሰናበቱ ደግሞ የካርል ፍራንክሊንን «ዴቭል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» (1995) ይጨምሩ። በ1948 ከአውሮፕላን ፋብሪካ የተባረረ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ዴንዘል ዋሽንግተን፣ የቤቱ ዕዳ ስለ ደረሰበት ነው ሰው የመፈለግ ሥራ የሚቀበለው። ጊቲስ ኮፍያውን ደፍቶ የትም ይገባል፤ ይህ ሰው ግን በየሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆዳው ይታይበታል። ጥቁሮች በሚጠጡበት ቤት ነጩ ቀጣሪው የማይሰማውን ይሰማል፣ በነጮች ሰፈር ደግሞ መኪና ውስጥ መቀመጡ ብቻ ያስጠረጥረዋል።

«ሴት ዳይሬክተር የላችሁም እንዴ?» ከአትላንታ

ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ከቀድሞው ዘመን አይዳ ሉፒኖ፣ «ዘ ሂችሃይከር» (1953)፤ 71 ደቂቃ ብቻ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላበቃ በነፃ ይገኛል። ከአሁኑ ሊን ራምሴይ፣ «ዩ ወር ኔቨር ሪሊ ሂር» (2017)፤ ግድያውን ሳይሆን ከግድያው በፊትና በኋላ ያለውን ታሳያለች። ካሪን ኩሳማ፣ «ዲስትሮየር» (2018)፤ የኒኮል ኪድማንን ፊት ለማመን ጥቂት ደቂቃ ያስፈልጋል።

«እነዚህን ፊልሞች ቤት ስከፍት ጨለማው ግራጫ ይሆናል፣ አንዳንዴም ካሬ ካሬ እየሆነ ይበጣጠሳል። ቲቪው ተበላሽቶ ነው?» ከሐዋሳ

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ግራጫው የቲቪው ማስተካከያ ነው። ቲቪ ከሱቅ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ ነው፤ ወደ «ሲኒማ»፣ «ሙቪ» ወይም ካለ «ፊልምሜከር» ይቀይሩት። የኃይል ቁጠባውንና የክፍሉን ብርሃን እያየ ስክሪኑን የሚቀያይረውን ዳሳሽ ያጥፉ። የእንቅስቃሴ ማለስለሻውንም ያጥፉ፤ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው» ይሉታል። እሱ ሲበራ በሰከንድ 24 የሆነው ምስል መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ ስለሚያስገባ፣ ፊልሙ ስቱዲዮ የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። አምፖልና መስኮት ስክሪኑ ላይ እንዳያርፉ ያድርጉ። መብራት ካስፈለገ ትንሽ አምፖል ከቲቪው ጀርባ ያኑሩ።

ካሬ ካሬው ግን የፋይሉ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ 700 ሜጋባይት ሲጨመቅ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 0.8 ሜጋቢት ገደማ ነው። የመጭመቂያው ሶፍትዌር የሚቆጥበው ዓይን አያስተውለውም ብሎ ከሚገምተው ቦታ ነው፣ ያም ጨለማው ነው። ኮሜዲ በዚያው መጠን ደህና ይታያል፤ ኖዋር ግን ግማሹ ጥላ ስለሆነ ይበጣጠሳል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ያለው ቅጂ፣ ማለትም ለሁለት ሰዓት 4.5 ጊጋባይት ገደማ የሚመዝን፣ ያስፈልግዎታል። ኔትወርኩ ለቀጥታ ስርጭት ካልበቃ የፊልም አገልግሎቱ መተግበሪያ ላይ ከፍተኛውን ጥራት መርጠው ሌሊት አውርደው ያቆዩት።

«በስልክ የኖዋር አጭር ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ። ያለኝ ሁለት መብራት ነው። ስቀርጽ ምስሉ ይጨልማል፣ ኤዲት ላይ ሳበራው አሸዋ ይሆናል፣ አንዳንዴም መስመር እየሠራ ይንቀጠቀጣል።» ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ከመንቀጥቀጡ እንጀምር። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ስልኩ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በራሱ 1/60 ሰከንድ ሲያደርገው ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ መስመሩ ያ ነው። ማኑዋል የሚፈቅድ የካሜራ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ሹተሩን 1/50 ላይ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 24 ወይም 25 ምስል ላይ ይቆልፉ።

አሸዋው የሚመጣው ሌሊት ለማስመሰል ሁሉንም ስለሚያጨልሙ ነው። ጥቁር ጥቁር ሆኖ የሚታየው አጠገቡ ብርሃን ሲኖር ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ400 እስከ 800 ባለው ይያዙና መብራቱን ወደ ተዋናዩ ያስጠጉ፤ የፊቱ አንድ ጎን በደንብ ይብራ፣ ሌላው ጎን በሦስት ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በስምንት እጥፍ ይነስ። ሁለተኛውን መብራት ለፊቱ ጨለማ ጎን አይስጡት፣ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከጀርባ አድርገው ፀጉሩንና ትከሻውን ብቻ ያስነኩት፤ ያለዚያ ጥቁር ጃኬት ከግድግዳው ጋር ይዋሐዳል። ፍሬሙ ውስጥ አንድ የበራ ነገር፣ የጠረጴዛ መብራት ወይም መስኮት፣ ያስገቡ።

የመስኮት መጋረጃ ሽንትር ጥላ ከፈለጉ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቅደዱ። መብራቱን ከግድግዳው 3 ሜትር፣ ካርቶኑን 1 ሜትር ያርቁ፤ እያንዳንዱ የብርሃን መስመር 4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠርዙ ከደበዘዘ ካርቶኑን ወደ ግድግዳው ያስጠጉ። ነጭ ሽፋን ያለው ኳስ መሳይ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ብርሃኑ ከሰፊ ቦታ ስለሚነሣ ጥላው ይቀልጣል። ጠባብ የእጅ ባትሪ ወይም ያልተሸፈነ ሃሎጅን ይጠቀሙ።

ለእርጥብ አስፋልት 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን 20 ካሬ ሜትር ያህል ያርሳል። ውሃው በካሜራውና በመብራቱ መካከል ይሁን፣ መብራቱም ወደ ካሜራው ይዙር፤ ከካሜራው ጀርባ ካበሩት እርጥበቱ አይታይም። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) 3200 ኬልቪን ላይ ቆልፉት፣ አለበለዚያ ቢጫው የመንገድ መብራት በቀረጻ መካከል ይቀየራል። ውሃ ባለበት የግድግዳ ኤሌክትሪክ አይዘርጉ፤ በባትሪ የሚሠራ መብራት ብቻ።

«የትርጉም ጽሑፉ መጀመሪያ ይገጥማል፣ መጨረሻ ላይ ግን ከድምፁ በደቂቃዎች ይለያያል።» ከድሬዳዋ

ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚለያይ ቢሆን ኖሮ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ጽሑፉ ሲቀድም «ኤች»ን፣ ሲዘገይ «ጂ»ን መጫን ይበቃ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲጫን 50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሳል። እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተሠራው በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄደው የአውሮፓ ቅጂ፣ የእርስዎ ፋይል ደግሞ 23.976 ነው። ልዩነቱ በሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል፣ ጽሑፉም ከድምፁ እየቀደመ ይሄዳል። «ሰብታይትል ኤዲት» የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፣ ፋይሉን ይክፈቱ፣ የፍሬም መጠን መቀየሪያው ውስጥ ከ25 ወደ 23.976 ያድርጉና በሌላ ስም ያስቀምጡ። ከዚያ የፊልሙን የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ከፍተው ያረጋግጡ፤ እዚያ ከገጠመ መካከሉም ይገጥማል።